ድሬዳዋ በቻርተር፣ ሐረር በሕገ መንግሥት

ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ የሚተዳደሩበት ሕግ ግን ለየቅል ነው።

ሐረር የሐረሪ ክልል መዲና ናት፤ ክልሉም በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 በስም ተጠቅሷል። ምክር ቤቱ 36 መቀመጫ አለው። 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፤ ከክልሉ ውጭ የሚኖሩ ሐረሪዎችም ይመርጧቸዋል። በ1999ኙ ቆጠራ ሐረሪዎች ከክልሉ ሕዝብ አሥር በመቶ እንኳ ስላልሞሉ የሚያጉረመርም አይጠፋም። ቢሆንም ቅሬታ ያለው ሰው አንቀጽ ጠቅሶ መከራከር ይችላል።

ድሬዳዋን ሕገ መንግሥቱ በስም አላነሳትም። ኦሮሚያና ሶማሌ ክልሎች ሁለቱም «የእኔ ናት» ስላሏት ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ ሆነች፤ ቻርተሯም፣ ማለትም የመተዳደሪያ ሕጓ፣ በአዋጅ ቁጥር 416/1996 ወጣ። አዋጅ ከሕገ መንግሥት ይልቅ ለማሻሻል ይቀላል፤ ይህ ትልቅ ብልጫዋ ነው። ችግሩ ከቻርተሩ ውጭ ያለው ነው። ሥልጣን ለዓመታት የተከፋፈለው «40፣ 40፣ 20» በሚባል የፓርቲዎች ስምምነት ነበር፦ አርባው ለኦሮሞ፣ አርባው ለሶማሌ፣ ሃያው ለቀሪው ሁሉ። ከዚራ በሚባለው የድሬዳዋ ሰፈር ተወልዶ ያደገ ወጣት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የሥራ መደብ አይቶ ማስረጃውን ይዞ ሲሄድ፣ ከውጤቱ በፊት ብሔሩ ይታይብኛል ብሎ ይሰጋል። ይግባኝ ልበል ቢልስ የትኛውን አንቀጽ ይጠቅሳል? በ2011 ዓ.ም. ወጣቶች አደባባይ ሲወጡ ይህን ቀመር ማንሳታቸው ምን ያስገርማል!

እኔ የሐረሩን እመርጣለሁ፤ ፍትሐዊ ነው ብዬ ሳይሆን የተጻፈ ስለሆነ።