ለዲኤክሴ ሰብዉፈር የገጠሙልኝን ጋሼን አመስግኑልኝ

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ ይሄን ፅሁፍ ልፅፍ ካሰብኩ ቆይቻለሁ ግን ስራው ከተሰራ በኋላ ትንሽ ልንዳውና በደንብ አይቼ ላውራ ብዬ ነው የዘገየሁት። መኪና ውስጥ ሙዚቃ የምትወዱ፣ በተለይ ቤዝ ነፍሳችሁ የሆነ ሰዎች እስከመጨረሻው አንብቡልኝ፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ውስጥ ሰብዉፈር (ቤዙን ብቻ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር) የሚሸጥ ሞልቷል፣ የሚገጥምም ሞልቷል፣ መኪናው እንዳይንጫጫ አድርጎ የሚገጥም ግን በጣም ጥቂት ነው፣ እኔ አንድ አግኝቻለሁ።

መኪናዬ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፣ የአባቴ ነበረች። ሞተሯ ጤነኛ ነው፣ ቦዲዋ ግን በእድሜዋ ብዙ ባትላሜራ ቤት ገብታ የወጣች ስለሆነች እዚህም እዛም ስቱኮ (የጎደጎደውን ላሜራ የሚሞላ ልስን) አለባት። ዲኤክስ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ በሩን ከፍታችሁ ፓኔሉን ብታነሱ ውስጡ ምንም የለም፣ ላሜራ ነው፣ አየር ነው፣ ከዛ ካርቶን የመሰለች ፓኔል ናት፣ በቃ። እንደዚህ አይነት መኪና ላይ ሃይለኛ ቤዝ ስትጭኑበት ምን እንደሚፈጠር አስቡት።

መጀመሪያ አንድ ቤት ነበር ሁለት 12 ኢንች ሰብዉፈር የገጠሙልኝ፣ ስማቸውን መጥራት አልፈልግም። ሃይሉስ አለ፣ ግን ቤዙ በመታ ቁጥር የኋላ ኮፈኑ ይርገፈገፋል፣ ታርጋው ጠረረረ ይላል፣ በስፖኪዮው ከኋላ የሚመጣው መኪና ሁለት ሆኖ ነው የሚታየኝ፣ ማታ ደግሞ የፊት መብራቱ ከቤዙ እኩል ደብዘዝ ይልና ይበራል፣ ደብዘዝ ይልና ይበራል። ውጪ ለቆመ ሰው የሚሰማው ዘፈን ሳይሆን ቆርቆሮ ነው። እሱንም ችዬ ነበር፣ የኋላው ጎን ላይ ስቱኮው መሰንጠቅ ሲጀምር ግን በጣም ከፋኝ፣ መልሼ ስወስድላቸው መፍትሄው ከዚህ የሚበልጥ አምፕ (ለስፒከሩ ሃይል የሚሰጠው መሳሪያ) ነው አሉኝ።

ጋሼን የጠቆመኝ ሚኒባስ የሚነዳ ጓደኛዬ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ ላይ እንዳልፅፍ እሳቸው ራሳቸው ስለነገሩኝ እዚህ ጋሼ ብቻ ነው የምላቸው፣ የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ሰፈራቸው ሳሪስ ነው። ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበሩ፣ እድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ረጋ ያሉ፣ ከአንድ ወጣት ረዳታቸው ጋር ነው የሚሰሩት።

ስደርስ እስቲ ሙዚቃውን ክፈተው ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ ሞተሩን አጥፋው የኔ ልጅ አሉኝና በጣታቸው አንጓ መኪናዋን ዙሪያዋን ማንኳኳት ጀመሩ። ጣራውን፣ በሮቹን፣ የኋላ ኮፈኑን፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ያለችውን ጠፍጣፋ መደርደሪያ፣ ሁሉንም። ድምፁ የሚረዝምበትን ቦታ ረዳታቸው በጠመኔ ምልክት ያደርግበታል፣ ዱብ ብሎ ወዲያው የሚሞተውን ያልፉታል። ሲጨርሱ ላሳይህ ብለው አዞሩኝ፣ የኋላዋ ግማሽ በጠመኔ ተሞልታለች!

ከዛ አስቀምጠው አስረዱኝ። የቤዝ ሞገድ ረጅም ነው፣ 40 ኸርዝ (በሴኮንድ 40 ንዝረት) ላይ አንዱ ሞገድ ብቻ ከ8 ሜትር በላይ ነው፣ ዲኤክስ ደግሞ ከጫፍ ጫፍ 4 ሜትር ምናምን ናት፣ ስለዚህ ቤዙ ውስጧ ያለውን አየር በሙሉ ነው የሚጨምቀውና የሚለቀው፣ አየሩ ሲገፋ ደግሞ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ ላሜራ ሁሉ አብሮ ይወጣል ይገባል። እያንዳንዱ ላሜራ የራሱ የሚጮህበት ድምፅ አለው፣ ያ ኖታ ሲመጣ ከስፒከሩ በላይ ላሜራው ነው የሚዘፍነው። "ልጄ፣ አንተ ዋት አልጎደለህም፣ አምፕ ብጨምርልህ የምጨምርልህ መንቀጥቀጡን ነው" አሉኝ። ሃይሉን እጥፍ ብታደርገው እንኳን የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፣ ጆሮ ላይ ትንሽ ለውጥ ናት፣ ዲናሞውና ባትሪው ላይ ግን እጥፍ ጫና ነው። መብራቴ ለምን እንደሚደበዝዝ ያኔ ነው የገባኝ።

እና ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው፣ አንዱን ሰብዉፈር ሽጠው! አንድ 12 ኢንች በጥሩ ቦክስ ላንተ መኪና ይበቃል፣ በሽያጩ ብር የንዝረት ማጥፊያውን እቃ ግዛበት አሉኝ። ገዢውንም ራሳቸው አገናኙኝ፣ ኮሚሽን ምናምን የሚባል ነገር የለም። እስቲ ንገሩኝ፣ ዛሬ ሌላ እቃ ሊሸጥላችሁ ሲችል ያላችሁን ቀንሱ የሚል ባለሙያ የት ነው ያለው? እኔ እዛ ጋር ነው ሙሉ በሙሉ ያመንኳቸው።

ስቱኮ ያለበትን ጎን አይተው ደግሞ መጀመሪያ ባትላሜራ ጋር ሂድ፣ ወፍራሙ ስቱኮ ይነቀልና ላሜራው በመዶሻ ይስተካከል፣ ከዛ ስሱን ብቻ ይቀባ፣ እንደዚህ የተለሰነ ቦዲ ላይ ስራዬን አልጀምርም አሉኝ። ለሳቸው የሚገባ ብር የለውም እኮ ይሄ፣ ስራ ነው የሚያዘገይባቸው፣ ግን አሻፈረኝ አሉ። ትክክል ነበሩ፣ ስንጥቁ እስካሁን አልተመለሰም።

ስራው ሲጀመር ወንበሩም ምንጣፉም የበር ፓኔሉም ወጣ። ዝገት ያለበት ቦታ ሁሉ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት ተቀባ፣ ምክንያቱም የንዝረት ማጥፊያው ዝገት ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱን አፍኖ ላሜራውን ከውስጥ ይበላዋል። ከዛ በአልኮል ተወለወለና ቡታይል ተለጠፈ፣ ከላዩ አልሙኒየም ያለው 2 ሚሊ ውፍረት ያለው እንደ ጎማ የሚለጠጥ ነገር ነው፣ ላሜራው ሲንቀጠቀጥ ጉልበቱን ይዞ ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። በሮለር ተጭኖ ተጭኖ አልሙኒየሙ ላይ ያለው ጥለት እስኪጠፋ ድረስ ነው የሚዳመጠው፣ ረዳቱ ልጅ ክንዱ ዝሎ ሳለ እንኳን ጥለቱ ይታያል ድገመው ሲሉት ነበር፣ እሱም አንዴ ሳያጉረመርም ይደግማል፣ ልጁንም በጣም ነው የማመሰግነው።

እዚህ ጋር ልብ በሉልኝ፣ የቤት ጣራ ውሃ እንዳያስገባ የሚለጠፈውን ሬንጅ መኪና ውስጥ የሚለጥፉ አሉ ርካሽ ስለሆነ። ፀሃይ ላይ ሲቆም ይለሰልሳል፣ ይሸታል፣ ከጣራና ከበር ላይ ይላቀቃል። ጋሼ እሱን ይዞ የመጣ ደንበኛ ሲመልሱ በአይኔ አይቻለሁ። ቡታይሉንም ቢሆን መኪናውን ሙሉ አልብሱልኝ ብትሏቸው እሺ አይሉም፣ የአንድን ላሜራ መሃሉን ከሩብ እስከ ሲሶውን ያህል ከያዝከው ጩኸቱ ይሞታል፣ ከዛ በላይ የምትለጥፈው ክብደትና ወጪ ነው ይላሉ። የበሩ ታች ላይ ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ደግሞ አንድም አልደፈኑም፣ ይሄን የሚረሳ ገጣሚ ብዙ ነው፣ ክረምት ላይ በሩ ውስጥ ውሃ ይጠራቀምና በዝገት ይጨርሰዋል።

ቦክሱን ከአዲስ ነው ያሰሩልኝ። የድሮው በቺፑድ የተሰራ ነበር፣ ማእዘኑ ላይ እጃችሁን ስታስጠጉ ንፋሱ ይሰማችኋል። የምትሰማው ምንድነው ብለው ጠየቁኝ፣ የድሮ ዘፈን ባስ ጊታሩ ጥርት ብሎ እንዲሰማኝ፣ እናቴ ስትሳፈር ደግሞ መዝሙር ነው፣ የከበሮው ምት አልኳቸው። እንግዲያውስ ዝግ ቦክስ ነው የሚያስፈልግህ አሉ፣ ቀዳዳ ያለው ቦክስ በተቃኘበት ኖታ አካባቢ ይጮሃል፣ ግን ምቱን ያስረዝመዋል፣ ዝጉ ደግሞ መትቶ ያቆማል። 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ፣ ውስጡ 30 ሊትር የሚጠጋ፣ መሃሉ ላይ ድጋፍ ያለው፣ ማእዘኑ በሙሉ በሲሊኮን የታሸገ። ከስሩ ስፖንጅ ተነጥፎ በብረት ክርንና በብሎን ከወለሉ ጋር ታሰረ። የድሮው ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር እኮ፣ ፍሬን ስይዝ ወደፊት ይንሸራተት ነበር፣ አደጋ ቢመጣ ያ ክብደት ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ሰው ነው የሚያገኘው።

ሽቦውን ሲፈቱ ያሳዩኝ ነገር ያስደነግጣል። ከውጪ ወፍራም ነው፣ በሴንጢ ላጥ ሲያደርጉት ግን አብዛኛው ፕላስቲክ፣ ውስጡ ያለችውም መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ናት፣ ጫፏን ሲፍቋት ነጭ ወጣች። ባትሪው ጋር ደግሞ ፊውዝ የሚባል ነገር አልነበረም። ያ ሽቦ አንድ ቦታ ተላጦ ቦዲ ቢነካ መኪናዋ ከነሰዉ ትቃጠል ነበር፣ እውነት ነው የምላችሁ። አሁን ንፁህ መዳብ፣ 4 ቁጥር ሽቦ ነው፣ ፊውዙ ከባትሪው በስንዝር ርቀት ላይ ነው፣ ግራውንዱም ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ ከታየ በኋላ በብሎን ተጠብቆ ነው የታሰረው። ሰብዉፈር ያላችሁ ሌላውን ሁሉ ብትተዉ ዛሬውኑ ኮፈን ከፍታችሁ ይሄን ፊውዝ እዩት።

አምፑን በጆሮ ግምት አላስተካከሉትም፣ ቴስተር ነው ያወጡት። የሰብዉፈሩ ካርቶን ላይ በትልቁ 1500 ዋት ይላል፣ እሱ ለቅፅበት የሚችለው ነው፣ ሳይጎዳ የሚሰራበት አርኤምኤሱ 500 ነው። 500ን በሰብዉፈሩ 2 ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) አባዝተው ስኩዌር ሩቱን ሲያወጡት 31 ቮልት ከምናምን መጣ፣ ከአምፑ የሚወጣው ቮልት ከዛ በታች እንዲሆን አድርገው ጌኑን አቆሙት። ጌን ማለት የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፣ አምፑ ከቴፑ የሚመጣለትን የሚቀበልበት ልክ ነው፣ ሰው ይሄን እስከመጨረሻው አዙሮ ነው ሰብዉፈር የሚያቃጥለው አሉኝ። ፊልተሩን (ቀጭኑ ድምፅ ወደ ሰብዉፈሩ እንዳያልፍ የሚያግደውን) 80 ኸርዝ አካባቢ አደረጉት፣ ቤዙን ብቻ የምትቀንስ ትንሽ ማዞሪያም ዳሽቦርዱ ስር ገጠሙልኝ፣ ማታ ጊቢ ስገባ እሷን ዝቅ ነው።

መጨረሻ ላይ የተደረገው ግን ከሁሉም በላይ የወደድኩት ነው። ስልክ ላይ አንድ ወጥ ድምፅ ከ20 ኸርዝ ጀምሮ ቀስ እያለ እስከ 100 ከፍ እያለ ይጫወታል፣ ጋሼ ውስጥ ይቀመጣሉ፣ ረዳቱ ውጪውን ይዞራል፣ የሆነ ነገር መንቀጥቀጥ ሲጀምር ድምፁን እዛው ያቆሙና በእጃቸው እየተጫኑ ይፈልጉታል፣ እጃቸው ስር ዝም ካለ ተገኘ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ያልታሰበ ስንት ነገር ወጣ! ታርጋው ከኋላው ስፖንጅ ተለጠፈለት። ክሪኩና የጎማ መፍቻው በጨርቅ ተጠቅልሎ ታሰረ። ስኮርታው ብሎኑ ላልቶ ነበር። የበር ውስጥ ሽቦዎች በጨርቅ ፕላስተር ተጠቀለሉ፣ የቀበቶው ማሰሪያ፣ የሲጋራ መተርኮሻው ሳይቀር። በተለይ አንድ በጣም ያስቸገረ ድምፅ ነበር፣ ሁላችንም የኋላ ኮፈኑ ነው ብለን ስንፈልገው ቆይተን የቀኝ የኋላ በር መስታወት ማስገቢያው ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ሆኖ ተገኘ፣ ጎማው ደርቆ ነበር፣ ተቀየረ፣ ዝም አለ። ቤዝ አቅጣጫ ስለሌለው ጆሮህን አትመን፣ እጅህን እመን ነው ያሉኝ።

አሁን በር ዘግቼ ስከፍተው ባስ ጊታሩ እያንዳንዷ ኖታ ተለይታ ትሰማለች፣ ደረት ላይ ትመታለች፣ ላሜራው ግን ዝም። ስፖኪዮው ጥርት ብሎ ያሳያል። ሞተር ተነስቶ ባትሪው ላይ ስንለካ 14 ቮልት አካባቢ ነው፣ ቤዝ ሲመታ ከ13 በታች አይወርድም፣ ድሮ ከ12 በታች ይገባ ነበር። መንገዱም ራሱ ፀጥ አለልኝ፣ በሩ ሲዘጋ ድሮ ቻ ይል የነበረው አሁን ዱብ ነው የሚለው። እናቴ ስለ ሰብዉፈር የምታውቀው ነገር የለም፣ ኋላ ተቀምጣ መዝሙሩን ስትሰማ ከበሮው አጠገቧ ያለ እንደሚመስል ነገረችኝ፣ ጋሼን መርቃቸዋለች፣ ምርቃቱንም አድርሻለሁ።

ጋሼ እግዚአብሄር ይስጥልኝ፣ እጅዎ ይባረክ፣ እድሜና ጤና ይስጥልኝ። የአባቴን መኪና እንደ ራስዎ እቃ ነው የያዙልኝ።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ቀስ ብለው ነው የሚሰሩት፣ መኪናው እዛው ያድራል፣ ዛሬ አስገብቼ ዛሬ ላውጣ የምትሉ ከሆነ አይሆንም። መንገድ ላይ ሰው ዞሮ እንዲያየኝ ነው የምፈልገው ካላችኋቸውም አይቀበሏችሁም፣ በግልፅ ይነግሯችኋል። የእቃውን ዝርዝር ፅፈው ይሰጧችኋል፣ ራሳችሁ ገዝታችሁ መምጣት ትችላላችሁ፣ ለሳቸው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው፣ እሱም ከመጀመሩ በፊት ይነገራችኋል፣ በኋላ አይጨምሩም። መኪናውን ባዶ አድርጋችሁ፣ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ያለውን ኮተት አውርዳችሁ ውሰዱ። ጠዋት በጊዜ ሂዱ፣ የማንኳኳቱን ስራ መንገዱ በመኪና ሳይጨናነቅ ነው የሚሰሩት፣ ከረፈደ በነጋታው ና ነው የሚሏችሁ።