«ስቴቪያ ነው» የተባለውን ዱቄት ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባውን እዩ

ድሬዎች፣ ቤታችሁ የስኳር ታማሚ ካለ ይህቺን አንብቡልኝ።

እማዬ ስኳር አለባት። ለልደቷ ኬክ ልጋግርላት ብዬ ከፊራ አካባቢ ካለ ሱቅ «ስቴቪያ» የሚል ዱቄት ገዛሁ፤ ስቴቪያ በስኳር ፈንታ የሚገባ፣ ከተክል ቅጠል የሚወጣ ማጣፈጫ ነው። ግማሽ ኪሎው 1,400 ብር። ባለሱቁ «አብሽሪ እህቴ፣ ስኳር የሚባል የለውም። በስኳሩ ልክ ስፈሪ» አለኝ። አመንኩት።

ኬኩ አምሮ ወጣ። እንደውም ከወትሮው ፈጥኖ ቀላ። ደስ ብሎኝ ትልቁን ቁራሽ ለእማዬ ቆረስኩላት። ከሁለት ሰዓት በኋላ የደም ስኳሯን ስትለካ 287! ጠዋት 124 ነበረች። የፉርኖ ዱቄቱም ከፍ እንደሚያደርግ አውቃለሁ፤ ግን ዳቦ በልታ እንዲህ ሆና አታውቅም። እስኪወርድላት አጠገቧ ቁጭ ብዬ አመሸሁ።

ያኔ ነው ከረጢቱን ያገላበጥኩት። ጀርባው ላይ «ለስኳር ታማሚዎች ተስማሚ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በጥፍሬ ፍቄ አነሳሁት። ከስሩ በደቃቅ የእንግሊዝኛ ፊደል፦ ዴክስትሮዝ፣ ማልቶዴክስትሪን፣ ስቴቪያ 1%።

ይዘት የሚጻፈው ከሚበዛው ተጀምሮ ነው። ዴክስትሮዝ ደግሞ ራሱ ግሉኮስ ነው፤ ሐኪም ቤት ለደከመ ሰው የሚሰቀለው። እማዬ ጣቷን ወግታ የምትለካውም እሱኑ ነው። ማልቶዴክስትሪንም ሆድ ሲገባ ቶሎ ግሉኮስ ይሆናል። ያ ያስደሰተኝ የኬክ ቀለም የመጣው ከዴክስትሮዙ ነበር። ስቴቪያ ብቻውን ኬክ አያቀላም።

ንጹህ ስቴቪያ ከስኳር ከ200 እስከ 300 እጥፍ ይጣፍጣል። ለአንድ ብርጭቆ ስኳር ቁንጥጫ ይበቃል። ስለዚህ «በስኳሩ ልክ» ከተባላችሁ ቀሪው ምን እንደሆነ ጠይቁ። ኤሪትሪቶል የሚባለው ማጣፈጫ ከሆነ የደም ስኳር ብዙም አያነሳም፤ ኬኩ ግን ገርጣ ይላል፣ ምላስ ላይም ይቀዘቅዛል። አስፓርቴም የሚባለው ማጣፈጫ ደግሞ ለምድጃ አይሆንም፣ ሙቀት ጣዕሙን ያጠፋዋል። «በማር ጋግሪው» የሚሏችሁንም አትስሙ፤ ማርም ያው ስኳር ነው።

ከረጢቱን ይዤ ብመለስ «ከፍተሽዋል፣ አልቀበልም» አለኝ። ወረቀቱን ማን ለጠፈው ስለው ዝም።

ከረጢቱ ነጭ ነው፣ ፊቱ ላይ አረንጓዴ ቅጠል አለው። ትናንት በባጃጅ ሳልፍ አሁንም በሩ ላይ ተደርድሯል። የገዛችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ያንን ወረቀት ልጡት።