ፔዳ አካባቢ ያለችው የዳታ ትንተና ቤት (ቲሲስ ላይ ያላችሁ መምህራን አንብቡት)

ባህር ዳር ላይ በክረምት ማስተርስ የምትማሩ መምህራን የቲሲስ ዳታዬን የት እንዳስተነተንኩ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስትጠይቁኝ ስለነበር ለሁሉም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ዲፌንሴን ጨርሻለሁ፣ እርማቱንም አስገብቻለሁ፣ ስለዚች ቤት ሳልጽፍ ብቀር ግን ውለታ የበላሁ ነው የሚመስለኝ።

ቤቷ ፔዳ (የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) አካባቢ ፎቶ ኮፒና ጥራዝ ቤቶቹ በተደረደሩበት በኩል ፎቅ ላይ ናት። ሁለት ክፍል፣ አራት ኮምፒውተር፣ አንድ ነጭ ሰሌዳ፣ አንድ ቬንትሌተር፣ በቃ። ፔዳ እ.ኤ.አ. በ1972 የፔዳጎጂ አካዳሚ ሆኖ ከተቋቋመ ጀምሮ አስተማሪ የሚያፈራ ግቢ ስለሆነ በዙሪያው ቲሲስ የሚተይብ፣ የሚጠርዝ፣ ዳታ የሚያስገባ ቤት ሞልቷል፣ ስለዚህ ችግሩ ቤት ማጣት አይደለም፣ መምረጡ ነው።

እኔ ያጠናሁት ጣና ሐይቅ ዳር ባለችው ዘጌ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በቡና ለቀማ ሰሞን ለምን ከትምህርት እንደሚቀሩ ነበር። መጠይቁን ለማስሞላት ስንት ቀን በጀልባ እንደተመላለስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ከዛ መጀመሪያ ሌላ ቤት ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። ወረቀቱን በፌስታል ሰጠሁ፣ በሦስተኛው ቀን 40 ገጽ አውትፑት (የትንተናው ውጤት) በፍላሽ ተሰጠኝ፣ ከፈልኩ፣ ወጣሁ። ቤቴ ገብቼ ከወረቀቱ ጋር ሳመሳክር ልጆቹ ሳይሞሉ ባዶ የተዉት ቦታ ሁሉ ተሞልቷል። ደንግጬ ደወልኩ። "ክፍት ቦታ ካለ ትንተናው ያስቸግራል፣ 3 እያልን ሞላነው" አሉኝ። 3 ማለት እኮ በኔ መጠይቅ "እርግጠኛ አይደለሁም" ማለት ነው፣ 1 "በጣም አልስማማም"፣ 5 ደግሞ "በጣም እስማማለሁ"! ልጁ ያላለውን ብሏል ብዬ ስሜን ልፈርምበት ነው ማለት ነው። የዛን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

አንድ ጓደኛዬ ነው ወደዚህኛዋ ቤት የላከኝ። ባለቤቷ ስታትስቲክስ የተማረች ወጣት ናት። ኮምፒውተሩን እንኳ አልከፈተችም፣ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ትንሽ ካነበበች በኋላ ቀና ብላ "ጋሼ፣ ይሄን መጠይቅ ራስዎ ሞልተውት ያውቃሉ?" አለችኝ። አላውቅም። "እስኪ ቤታቸው ሩቅ እንደሆነ ልጅ ሆነው ይሙሉት" ብላ አንዱን ወረቀት ከነእስክሪብቶው ሰጠችኝ። ጥያቄ 9 ላይ ስደርስ ቆምኩ። "ትምህርት ቤቴ ሩቅ ስላልሆነ ለመቅረት ምክንያት የለኝም" ነው የሚለው፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት። ቤቱ ሩቅ የሆነ ልጅ "አልስማማም" ቢል "ሩቅ አይደለም" የሚለውን ነው የካደው ወይስ ምክንያት አለኝ ማለቱ ነው? አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት ነገር ጠይቄያለሁ፣ እሱም ላይ ሁለት ጊዜ አፍራሽ ቃል ደርቤበታለሁ። አማርኛችን "አይደለም የለም" ሲደራረብበት የ13 ዓመት ልጅ ቀርቶ አዋቂም ይስታል። ከፕሮፖዛል ጀምሮ ስንት ሰው አይቶት ማንም አልነገረኝም። እሷ ዳታው አንዴ ስለተሰበሰበ ጥያቄውን ማስተካከል እንደማይቻል፣ ከትንተናው አውጥተን ለምን እንደወጣ በግልጽ መጻፍ እንዳለብኝ ነገረችኝ፣ እንደዛው አደረግን። ባዶዎቹንም ባዶ እንደሆኑ መልሰን አስገባን፣ ኤስፒኤስኤስ (ዳታ የምንተነትንበት ሶፍትዌር) ያልተመለሰ መሆኑን እንዲያውቀው ማድረግ ይቻላል እኮ፣ የሚያስቸግር ነገር የለውም።

ቀጥሎ የመጠይቁን አስተማማኝነት አየን፣ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚስማሙ የሚያሳየውን ክሮንባክ አልፋ የሚባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣ መለኪያ ነው። ብዙ አድቫይዘር ቢያንስ 0.7 ይፈልጋል፣ የኔ ግን ግማሹንም አልሞላም ነበር። ልቤ ስንጥቅ አለ። እሷ ግን ሳትደናገጥ ጥያቄዎቹን ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረገችኝ። አንዱ "መምህሮቼ ያበረታቱኛል" ይላል፣ ሌላው "ትምህርት ቤት መሄድ ያስጠላኛል" ይላል። በሁለቱም 5 ያለ ልጅ አንድ ዓይነት ነገር አላለም፣ እንደውም ተቃራኒ ነው ያለው። ስለዚህ አሉታዊዎቹን መገልበጥ ያስፈልጋል፣ መልሱን ከ6 ላይ መቀነስ ነው፣ 5 የነበረው 1 ይሆናል፣ 4 የነበረው 2። ያ ከተገለበጠ በኋላ አልፋው 0.7ን አለፈ። ወዲያው ደግሞ ደስታዬን አይታ "ይሄ ጥያቄዎቹ አብረው መሄዳቸውን ነው የሚያሳይ፣ የፈለጉትን ነገር መለካታቸውን አያሳይም፣ ጥያቄ ሲበዛም ቁጥሩ ከፍ ይላል" ብላ በሰሌዳው ላይ አሳየችኝ።

ሳምፕሉ ላይ እንደሁላችሁም ስንት ሰው መጠየቅ እንዳለበት የሚያሰላውን የያማኔን ቀመር ነበር የተጠቀምኩት። 600 ተማሪ፣ የስህተት ገደብ 0.05፣ 0.05ን በራሱ አባዝታችሁ በ600 ስታባዙትና 1 ስትደምሩበት 2.5 ይሆናል፣ 600ን ለ2.5 ስታካፍሉት 240 ይመጣል። ያማኔ ስላልኩ ሳምፕሌ ወካይ ሆነ ብዬ ነበር የማስበው። ቀመሩ ስንት ሰው እንደሚበቃ ነው እንጂ እነማን እንደሆኑ አይናገርም፣ ያውም በዕጣ እንደተመረጡ ቆጥሮ ነው የሚያሰላው። እኔ ደግሞ መጠይቁን ያስሞላሁት በዛን ቀን ክፍል ውስጥ ለተገኙት ነው። የማጠናው ስለሚቀሩ ልጆች ሆኖ የቀሩት ልጆች ወረቀቴ ላይ የሉም! ይሄን ስትነግረኝ ዝም ብዬ ወደ መስኮቱ ነበር የማየው። መፍትሄውን ግን አብረን አገኘነው፣ ከትምህርት ቤቶቹ የስም መቆጣጠሪያ የመቅረት ቀኖችን ገልብጬ እንድመጣ ላከችኝና ደግሜ በጀልባ ሄድኩ። መቆጣጠሪያው ላይ ያለው የመቅረት ቀን ልጆቹ ራሳቸው ከጻፉት ይበልጥ ነበር። ልጅ በመምህር ፊት "ብዙ ቀርቻለሁ" ብሎ አይጽፍም፣ ይሄ ራሱ ግኝት ሆነልኝ።

ትርጓሜው ላይ ደግሞ የምር ጊዜ ወሰደች። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች "ፒ ቫልዩ 0.000 ስለሆነ ውጤቱ መቶ በመቶ እርግጠኛ ነው" ብለው ጽፈውልኝ ነበር። 0.000 ማለት ዜሮ ማለት አይደለም፣ ሶፍትዌሩ ሦስት አኃዝ ብቻ ስለሚያሳይ ነው፣ ከ0.001 በታች ተብሎ ነው የሚጻፈው። ትርጉሙም እርግጠኛነት አይደለም፣ በእውነቱ ምንም ልዩነት ባይኖር ኖሮ ይሄን የሚያህል ወይም ከዚህ የሚበልጥ ልዩነት በአጋጣሚ የማየት ዕድሉ ምን ያህል ነው ማለት ነው። ትልቅና ትንሽ ልዩነትን ለመለየት ሌላ መለኪያ አለ፣ የኮሄን ዲ ይባላል፣ በተለምዶ 0.2 ትንሽ፣ 0.5 መካከለኛ፣ 0.8 ትልቅ ተብሎ ይወሰዳል። ቡና ካላቸው ቤተሰቦች የመጡትና ሌሎቹ ልጆች መካከል የኔ ልዩነት ከትንሹ ብዙም አይርቅም ነበር። "ከፍተኛ ልዩነት ታይቷል" ብዬ የጻፍኩትን በራሴ እጅ ሰረዝኩት።

ከዛ "ቡናው ነው ያስቀራቸው እንዳይሉ" አለችኝ። ለምን ስላት ቡና ያላቸው ቤተሰቦች ቤታቸው የት እንደሆነ መልሳ ጠየቀችኝ። ጫካው ውስጥ ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ይርቃል። ታዲያ ልጁን ያስቀረው ለቀማው ነው ወይስ መንገዱ? ቁጥሩ ብቻውን አይለየውም። ቁጥሩ የማይለየውን ነገር ትንሽ ያወቅሁት ካነጋገርኳቸው እናቶች ነው። አንዷ እትዬ "ልጄን እኔ አላስቀርም፣ ግን ለቀማ ላይ አምሽቶ ጠዋት አይነሳልኝም" ብለውኝ ነበር። የልጁ ስም መቆጣጠሪያው ላይ ቀሪ ተብሎ ነው የተሞላው፣ እናቱ እንደነገሩኝ ግን ልጁ ትምህርቱን ሳይጠላ ደክሞት ተኝቷል።

ቅሬታ አለኝ ወይ? አለኝ። ብቻዋን ስለሆነች ወረፋው ረጅም ነው፣ በተለይ ነሐሴ ላይ አንድ ሳምንት ልትጠብቁ ትችላላችሁ። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይቆማል፣ ጄነሬተር የላትም። የቃለ መጠይቅ ትንተና ላይ እንደ ቁጥሩ አትጠነክርም፣ ራሷም ትናገራለች፣ እዛ ላይ አድቫይዘራችሁን ያዙ። ለአራት ቀን 3000 ብር ነው የከፈልኩት፣ ከሌላው ቤት ይወደዳል፣ ግን ሌላው ቤት ፍላሽ ነው የሚሰጣችሁ፣ እሷ ጋ እናንተው ኪቦርዱ ላይ ትቀመጣላችሁ። "ሠርተሽ ስጪኝ፣ እኔ ጊዜ የለኝም" የሚላትን ሰው አትቀበልም፣ ዓይኔ እያየ ሁለት ሰው መልሳለች። ኤስፒኤስኤስ ለሌላችሁ ጃስፕ የሚባለውን ሌላ የትንተና ሶፍትዌር ትጭንላችኋለች፣ ነፃ ነው፣ ላፕቶፕ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ።

ዲፌንስ ላይ ፈታኙ መጀመሪያ የጠየቁኝ "ጥያቄ 9 የት ሄደ?" ብለው ነው። መለስኩ።

የምለምናችሁ መጠይቁን ከማባዛታችሁ በፊት እንድትሄዱ ነው፣ እኔ ዳታ ሰብስቤ ነው የደረስኩት፣ የጥያቄ 9 ነገር እስካሁን ይቆጨኛል። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ትከፍታለች፣ ቅዳሜ እስከ 6 ሰዓት፣ እሁድ ዝግ ነው። መጠይቁን በወረቀት አትማችሁ ያዙ፣ በስልክ ፎቶ ከሆነ ትመልሳችኋለች፣ ምክንያቱም መጀመሪያ እናንተኑ ነው የምታስሞላችሁ።