ባለ ሪሌይ የስፖት መብራት ገመድ፦ ፊውዙን ሳትቀይሩ አትግጠሙት

ባሕር ዳር ውስጥ መለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ «የስፖት ገመድ ከነሪሌዩ» ብትሉ የሚወጣላችሁ ዕቃ ከሱቅ ሱቅ ብዙም አይለያይም። በላስቲክ የታሸገ፣ ይህ ነው የሚባል ስም የሌለው የቻይና ኪት ነው፦ 12 ቮልት 40 አምፔር የሚል ባለ አራት እግር ሪሌይ (በትንሽ ኃይል ታዝዞ ትልቁን ኃይል የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ማብሪያ) ከነሶኬቱ፣ 30 አምፔር ፊውዝ ከነቤቱ፣ አንድ ስዊች፣ ለሁለት መብራት የተከፈለ ገመድ። መግዛቱ አያስቆጭም። እንደመጣ መግጠሙ ነው የሚያስቆጨው።

ከዕቃው የሚመሰገነው ሪሌዩ ነው። 40 አምፔር የሚለውን ጽሑፍ በግማሽ ብታምኑት እንኳ ይበቃል፤ ሁለት ባለ 55 ዋት ሃሎጅን 110 ዋት ነው፣ ለ12 ሲካፈል 9 አምፔር ከምናምን። ስዊቹ የሚሸከመው የሪሌዩን ጥቅልል (ውስጡ ማግኔት የሚሆነውን ሽቦ) ብቻ ስለሆነ ከ0.2 አምፔር አይዘልም። መብራቱን ያለ ሪሌይ በቀጥታ በዳሽቦርድ ስዊች ያስኬደ ሰው ግን የስዊቹ ፕላስቲክ ቀልጦ ሊያገኘው ይችላል።

ድክመቱ ገመዱ ነው። ከላይ ሲያዩት ወፍራም ነው፤ ውፍረቱ ግን የፕላስቲኩ ነው። ጫፉን ላጡና አንዷን ክር በቢላ ፋቅ ፋቅ አድርጓት። ቀይነቷ ተነሥቶ ብርማ መልክ ካወጣች መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ይዛችኋል። አሉሚኒየም እንደ መዳብ አያስተላልፍም፣ በንዝረት ቶሎ ይበጠሳል፣ ስታኞም በደንብ አይዘውም። ንጹሕ መዳብ ቢሆን እንኳ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነና ደርሶ መልሱ 6 ሜትር ከሞላ፣ በ9 አምፔር ከአንድ ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። ሃሎጅን ደግሞ ለቮልት ስስታም ነው፤ ቮልቱ ከመቶ 10 ሲቀንስ ብርሃኑ ወደ ሲሶ ይጠጋል የሚቀንሰው። በ2.5 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ብትተኩት ብክነቱ 0.4 ቮልት አካባቢ ነው። ስለዚህ ለሃሎጅን ከባትሪ እስከ ሪሌይ፣ ከሪሌይ እስከ መብራት ያለውን በ2.5 ቀይሩ፤ የስዊቹ መስመር ባለበት ይቆይ። መብራታችሁ ሁለት ባለ 18 ዋት ኤልኢዲ ከሆነ የሚጠይቀው 3 አምፔር ነው፤ የኪቱ ገመድ ይችለዋል።

ፊውዙ ግን ለሁለቱም አይሆንም። ፊውዝ የሚጠብቀው መብራቱን ሳይሆን ገመዱን ነው። በዚያ ቀጭን ገመድ ላይ 30 አምፔር ፊውዝ ሲቀመጥ፣ ገመዱ አንድ ቦታ ላሜራ ነክቶ ሾርት ቢያደርግ ፊውዙ ከመበጠሱ በፊት ፕላስቲኩ መጨስ ሊጀምር ይችላል። ለ110 ዋት ሃሎጅን 15፣ ለ36 ዋት ኤልኢዲ 5 አምፔር አድርጉት። የፊውዙ ቤት ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ20 ሴንቲ ሜትር ባይርቅ ይመረጣል፤ ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለውን ገመድ የሚጠብቀው ምንም ነገር የለምና።

አገጣጠሙ በእግሮቹ ቁጥር ነው። 30 ከባትሪ በፊውዝ በኩል፣ 87 ወደ መብራቶቹ፣ 86 ከስዊቹ፣ 85 ወደ ኔጌቲቭ። አንዳንዱ ሱቅ ባለ አምስት እግር ሪሌይ ይሰጣል፤ መሐል ላይ ያለችው 87ኤ ሪሌዩ ሲጠፋ የምትሠራ ናት። መብራታችሁ ስዊቹ ሲጠፋ ከበራ፣ ሲበራ ከጠፋ ሌላ ምክንያት አትፈልጉ፣ እሷ ላይ ገብቷል። ስዊቹ ውስጡ የሚበራ ባለ ሦስት እግር ከሆነ ደግሞ የኔጌቲቩንና ወደ 86 የሚሄደውን እግር አታቀያይሩ፤ ስዊቹን በነካችሁ ቁጥር ፊውዝ ይበላል።

ሌላው የኪቱ ጉድለት ስዊቹ ኃይሉን በቀጥታ ከባትሪ መውሰዱ ነው። ቁልፍ ነቅላችሁ ብትሄዱም መብራቱ በርቶ ያድራል። የስዊቹን ቀይ ገመድ ከባትሪው መስመር ቁረጡና ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ መስመር ላይ በ3 አምፔር ፊውዝ አድርጉት። ከዚያ የሚሻለው ከረጅም መብራት ጋር ማያያዝ ነው፤ ረጅሙን ስታጠፉ ስፖቱም አብሮ ይጠፋል። ከሐሙሲት ወደ ወረታ ሲመሻሽ የሚያሽከረክር ሰው ከፊቱ የሚመጣው ሰው ዓይን ላይ ስፖት ማብራት ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ፦ የፊት አምፖሉ ፖዘቲቭ ለረጅሙም ለአጭሩም የጋራ ሆኖ የሚበራውና የሚጠፋው በኔጌቲቩ በኩል ነው። 86ን በስዊቹ በኩል የጋራው ፖዘቲቭ ላይ፣ 85ን ደግሞ የረጅሙ ኔጌቲቭ ላይ አድርጉ። 85ን እንደ ልማዱ ቦዲ ላይ ካሰራችሁት አጭር ሲበራም ስፖቱ ይበራል። ሳትቆርጡ በፊት በቴስተር እዩ።

ኔጌቲቭ የሚታሰርበትን ቦታ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፍቃችሁ ላሜራው እስኪያበራ አጽዱ፣ በቡሎንና በሮንዴላ አጥብቁ፣ ላዩን ግራሶ ቀቡ። ሪሌዩ እግሮቹ ወደ ታች ይዩ፤ ወደ ላይ ካዩ የሐምሌ ዝናብ ሶኬቱ ውስጥ ይተኛል። ገመዱ ወደ ጋቢና በሚገባበት የላሜራ ቀዳዳ ጎማ ይደረግ።

አልበራ ካለ ጆሯችሁን ሪሌዩ ላይ አድርጉ። ጠቅ ካላለ ችግሩን ወደ 86ና ወደ 85 በሚመጡት መስመሮች ላይ ፈልጉ፦ ስዊቹ፣ ትንሿ ፊውዝ ወይም ኔጌቲቩ። ጠቅ ብሎ መብራቱ ካልበራ 30 ላይ 12 ቮልት መኖሩን እዩ፣ ከዚያ 87ን። 30 ላይ ሙሉ ሆኖ 87 ላይ ከጎደለ የሪሌዩ መገናኛ ተቃጥሏል፤ ሪሌዩ ብቻ ይቀየር። ጠቅ ጠቅ ጠቅ እያለ ከተንቀጠቀጠ ልል ኔጌቲቭ ወይም የደከመ ባትሪ ነው።

ለባጃጅ ሃሎጅን አንመክርም፤ ባትሪውም ቻርጁም ትንሽ ነው፣ ኤልኢዲ ይበቃዋል። ለኤፍኤስአር አይሱዙ ይህ ኪት አይሆንም፤ 24 ቮልት ነው፣ የ12 ቮልት ጥቅልል ይቃጠላል። ከሁለቱ ባትሪ ከአንዱ ብቻ 12 ቮልት እንስረቅ የሚል ባለሙያ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ ሂዱ፤ አንዱ ባትሪ ሲራብ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላና ሁለቱም ያልቃሉ። ባለ 24 ቮልት ሪሌይና መብራት ለብቻ ግዙ።

የጣና ሞተር ጀልባ ላይ መግጠም የምትፈልጉ (ታንኳን እንተወው) ኪቱ የሚያስተምራችሁን «ጥቁሩን ቦዲ ላይ እሰር» እርሱት። ፋይበርና እንጨት ኔጌቲቭ አይሆኑም። የሁለቱም መብራት ጥቁር ገመድ በ2.5 ባትሪው ድረስ ይመለስ፣ ሪሌዩና የፊውዙ ቤትም ውኃ ከማይረጭበት ከፍ ያለ ቦታ ይታሰሩ፤ የኪቱ የፊውዝ ቤት ክዳን ውኃ አይከለክልም።