ያገለገለ ዕቃ ለመነገድ ፈቃድ የምታወጡ፣ መጀመሪያ እትዬ ጋ ጎራ በሉ

ያገለገሉ የቤት ዕቃዎች እየገዛችሁ ለመሸጥ ንግድ ፈቃድ ልታወጡ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ወረዳ ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ቤት ልጠቁማችሁ። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ አራት ኪሎ ሲወጣ፣ ከመንገዱ ገባ ያለች የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ባለቤቷ ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም። ሰፈሩ እትዬ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደ ሰፈሩ።

እትዬ የታይፕ ዘመን ሰው ናቸው። አሁን ኮምፒውተሩን የምትመታው ልጃቸው ናት። እሳቸው ከጎኗ ቁጭ ብለው ይጠይቃሉ። ይህን የምጽፈውም ስለዚያ ጥያቄያቸው ነው። ቅጽ የሚሞላማ በየበሩ ሞልቷል።

«የምትሸጠው ምንድነው ልጄ?»

«የቤት ዕቃ ነው እትዬ።»

«አዲስ ነው አሮጌ?»

«ያገለገለ።»

«ከማን ትገዛለህ?»

«ቤት ከሚለቁ፣ ወደ ውጭ ከሚሄዱ ሰዎች።»

«ኤሌክትሮኒክስም ትነካለህ?»

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ፍሪጅ ቢመጣ አልመልስም ነበር፤ ግን አስቤበት አላውቅም። ለካ ጥያቄው ለጨዋታ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት ንግድ ፈቃድ የሚሰጠው በዘርፍ ነው። ለአንዱ ያወጣኸውን ይዘህ ሌላውን መነገድ አይቻልም። ቁጥጥር ሲመጣ «ዕቃ ዕቃ ነው» ብትል ማንም አይሰማህም። እትዬ የንግድ ዘርፎቹን ዝርዝር ለልጃቸው እያስነበቡ ከምሰራው ሥራ ጋር አስተያዩ። የማልሰራውን አስወጡ፣ የምሰራውን አስገቡ።

የቀረው ወረቀት የምታውቁት ነው። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ፋይዳ፣ ፎቶ፣ የኪራይ ውል። እኔን ያቆመኝ የመጨረሻው ነበር። አከራዬ የሰጠኝን የቤቱን የይዞታ ካርታ ኮፒ ሲያዩ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ስም አከበቡ።

«ይሄ ሰው ማነው?»

«የአከራዬ አባት ናቸው።»

«በሕይወት አሉ?»

«አርፈዋል።»

«እንግዲያው ልጅየው ብቻውን ቢፈርም ውልና ማስረጃ አይቀበልህም። የወራሽነት ማስረጃ ያምጣ። ወንድም እህት ካለው ደግሞ ወይ መጥተው ይፈርሙ ወይ ውክልና ይስጡት።»

ይህን የሰማሁት ቀብድ ሳልከፍል ነው፣ ተመስገን። አከራዬም ክፉ ሰው አይደለም፤ ማስረጃውን ከመሳቢያ አወጣ፣ እህቱንም ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ጉዳይ ገዳይ «አንተ ብሩን ብቻ ወዲህ በል፣ ፈቃድህን ግድግዳ ላይ ታንጠለጥላለህ» ብሎኝ ነበር። ስለ ካርታው አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ብሩን ብሰጠው ኖሮ መቼም አሁን ስልክ አያነሳልኝም ነበር።

ሌላው የወደድኩላቸው ነገር፣ የኢ-ትሬድ (ፈቃድ በኢንተርኔት የሚወጣበትና የሚታደስበት) አካውንቱን በራሴ ስልክ ቁጥር ነው ያስከፈቱልኝ። የይለፍ ቃሉንም ራሴ እንድጽፍ አድርገው ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ። በደላላ ስልክ የተከፈተ አካውንት እድሳት ሲደርስ ጣጣው ብዙ ነው። ከሐምሌ 1 እስከ ታህሳስ 30 ያለ ቅጣት ማደስ የሚቻለውን ሰው፣ ደላላው ጠፍቶበት ጥር ላይ ሲቀጣ አስቡት። የመንግሥቱንም ክፍያ «ራስህ ክፈል፣ ደረሰኙን ራስህ ያዝ» ነው ያሉኝ። እሳቸው የተቀበሉት የጽሕፈታቸውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ፈቃዱ ወጣ፣ እትዬ ግን አልለቀቁኝም። «ሌባ ይወድሃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። የተሰረቀ ነገር መጀመሪያ የሚንኳኳው የኛ ዓይነቱ ሱቅ በር ላይ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 682 ደግሞ የተሰረቀ መሆኑን እያወቀ የገዛውን ብቻ ሳይሆን ማወቅ ሲገባው የገዛውንም ይጠይቃል። «አላውቅም ነበር» ብሎ መማል ላያወጣ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ልጃቸው አንድ ገጽ አዘጋጀችልኝ። ቀን፣ የዕቃው ዓይነት፣ ሴሪያል ቁጥር ካለው ቁጥሩ፣ የሻጩ ስም፣ ስልክ፣ ፊርማ። ከጀርባው የመታወቂያ ኮፒ ይያያዛል። ገጹን አባዝቼ በማኅደር አድርጌዋለሁ።

በቅርቡ አንድ ጎረምሳ ላፕቶፕ ይዞ መጣ፣ ቻርጀር የለውም። ገጹን ዘርግቼ መታወቂያ ስለው «መኪና ውስጥ ረስቼው ነው» ብሎ ወጣ። መኪናው ሩቅ ነው የቆመው መሰለኝ፣ እስካሁን አልተመለሰም።

ስለ መሸጡም መክረውኛል። ያገለገለን ዕቃ አዲስ አስመስሎ መሸጥ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 የተከለከለ ነው። እኔ አሁን ቁም ሳጥኑ ላይ ጭረት ካለ ዋጋው ከተለጠፈበት ወረቀት ላይ «የግራ በር ጭረት አለው» ብዬ እጽፋለሁ። ደንበኛው ዋጋ ቀንስ ይላል፣ ይበል። ከወሰደው በኋላ ግን መልስልኝ ብሎ አይመጣብኝም።

እንከን የለባቸውም አልልም። ቀስ ይላሉ። ሰው ሲገባ ሰላምታው ይረዝማል፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኗም አንዳንዴ ወረቀት ትበላለች። ስቴፕለሯ በገመድ ከጠረጴዛው ጋር ታስራለች፤ ብዙ ሰው ይዞባቸው ሄዷል መሰለኝ። ለምስጋና አንድ የእንጨት ወንበር ላምጣልዎት ብላቸው «ከማን ነው የገዛኸው?» አሉኝ። ገጹን አሳይቼ ነው የተቀበሉኝ።

እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልጅዎንም ያሳድግልዎት።

የምትሄዱ ሰዎች፣ ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፤ ከሰዓት መብራት ከጠፋ ሥራ የለም። የካርታውን ኮፒ ሳትይዙ አትሂዱ፤ እሱን መጠየቃቸው አይቀርም። አከራያችሁን ማሳመን ካለባችሁ ደግሞ ይዛችሁት ሂዱ፣ እሳቸው ያስረዱታል።