ለመጠጥ ቤት የመግቢያ ከፈልኩ፤ እናንተ እንዳትከፍሉ

ትናንት ማታ ነው የተመለስነው። እስካሁን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው።

ለንደን የምትኖሩ ይህን የጉዞ አዘጋጅ ባታውቁትም ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። ሰመር ሲመጣ ቴሌግራም ላይ ብቅ ይላል። በድሮን የተነሳ ፎቶ ይለጥፋል፣ «አምስት ወንበር ብቻ ቀረ» ይላል፣ ከሥሩ የባንክ ቁጥር። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም።

እናቴ ከጎንደር ልትጠይቀኝ መጥታለች። ማስታወቂያው «የንጉሥ ቻርልስ ጥንታዊ ቤተ መንግሥት፤ መጓጓዣ፣ መግቢያ፣ አስጎብኚና ምሳን ጨምሮ 75 ፓውንድ» ይላል። ለሁለታችን 150 ላክሁ። እማዬ ፋሲል ግንብ ሥር ያደገች ሰው ናት። «የእነሱን ደግሞ ልየዋ» ብላ የሀበሻ ቀሚሷን ማታውኑ ተኮሰች።

የወሰደን ዋሪክሼር ውስጥ ኤጅሂል የሚባል ኮረብታ ላይ ነው። ስምንት ማዕዘን ያለው ረጅም የድንጋይ ግንብ አለ፤ አናቱ እንደ ምሽግ ጥርስ ጥርስ ያለው። ያምራል፤ አልዋሽም።

በሩ ላይ አሰለፈን። «መግቢያችሁን ጨርሻለሁ፤ ቆጥሬ ላስገባችሁ» አለ። ትከሻችንን በጣቱ እየነካ መቁጠር ጀመረ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን እንደምትገባ ነጠላዋን አስተካክላ ቆማለች። ያኔ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ውሻውን ይዞ መጣ። ይቅርታ ብሎ በመካከላችን አለፈና በሩን ገፍቶ ገባ። ትኬት አላሳየም፤ የጠየቀውም የለም። በሩ ሳይዘጋ ባንኮኒውና የድራፍት መቅጃዎቹ ታዩኝ።

ከሰልፉ ወጥቼ ገባሁ። ባንኮኒው ላይ ያለችውን ልጅ «መግቢያ ስንት ነው?» አልኳት። ግራ ገባት። «ፐብ እኮ ነው፤ መግቢያ የለውም» አለችኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ ስለ ቤቱ የጠየቅኳትን ሁሉ በትህትና ነገረችኝ። ማታ ደግሞ ራሴ ቁጭ ብዬ አነበብኩ።

ንጉሥ ኖሮበት አያውቅም። በ1740ዎቹ ሳንደርሰን ሚለር የሚባል የአካባቢው ባለርስት ያሠራው ነው፤ የዋሪክ ግንብን አንዱን ማማ አስመስሎ። ቻርልስ 1ኛ ከፓርላማው ጦር ጋር የመጀመሪያውን ትልቅ ውጊያ የገጠሙት ከኮረብታው ሥር ነው፤ በፈረንጆች ኦክቶበር 23 ቀን 1642። ንጉሡ በ1649 አንገታቸው ተቀልቷል። ግንቡ የተሠራው ከዚያ መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ከ1822 ጀምሮ ደግሞ መጠጥ ቤት ሆኗል። ለጌጥ ብቻ የሚሠራን እንዲህ ያለ ግንብ እንግሊዞች «ፎሊ» ይሉታል። ያ ውጊያ ሲደረግ ጎንደር ላይ ዐፄ ፋሲል ዙፋን ላይ ነበሩ። የእናቴ ሰፈር ግንብ ከዚህኛው በመቶ ዓመት ይበልጣል! እውነተኛው የዋሪክ ግንብ ደግሞ ከዚያ በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። እዚያ ቢወስደን ምን ነበረበት?

ወጥቼ ሰው ሁሉ እየሰማ «የቱን መግቢያ ነው የከፈልከው?» አልኩት። አልደነገጠም። ያበገነኝ ይሄ ነው። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «እህቴ፣ ካስል አልኩሽ፣ ካስል አሳየሁሽ። ሰሌዳውን አንብቢው» አለኝ። ሰሌዳው ላይ እውነትም ካስል ይላል።

እማዬ የምንነጋገረውን በደንብ አልሰማችም። ጠጋ ብላ «ልጄ፣ ንጉሡ የሚተኙት በየትኛው በኩል ነበር?» ብላ ጠየቀችው። «ማዘር፣ እዚህ ንጉሥ የለም። ፎቶ ተነሺና ግቢ» አላት። ተነሺ! በእናቱ ዕድሜ ያለችን ሴት። ሁለት ሦስት ሰዎች ሳቁ። እማዬ ምንም አልመለሰችም፤ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገችው።

ምሳውም ያው ነው። ፍልሰታ እንደሆነ ስመዘገብ ነግሬዋለሁ፤ «አታስቢ፣ የጾም አለ» ብሎኝ ነበር። ለእማዬ የታዘዘላት አንድ ሳህን የተጠበሰ ድንች ነው። ሌላው ዓሣና ሥጋ ይበላል። ጥቂት ቀምሳ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። «ጠግቤያለሁ» አለች። ከንጋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የራሴ ነገር ነው። ስንት ዓመት እዚህ አገር ኖሬ፣ ዕቃ ስገዛ አሥር ቦታ ዋጋ የማወዳድር ሰው፣ የቦታውን ስም እንኳ ጠይቄ ጉግል አላደረግኩም። በአማርኛ «እህቴ» ስላለኝ አመንኩት። በቃ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ስንመለስ አውቶብስ ውስጥ እማዬ እጄን ይዛ «ነፋሱ ደስ ይላል፤ ጥሩ ቦታ ነው» አለችኝ። እኔን ልታጽናና ነው። መስኮቱን እያየሁ አለቀስኩ።

ከመክፈላችሁ በፊት የቦታውን ሙሉ ስም ጠይቁና መግቢያ እንዳለው ራሳችሁ እዩ። ደረሰኝ ከሌለ ይቅርባችሁ።

ዛሬ ጠዋት ቢያንስ የመግቢያውን ብር ይመልስልኝ ብዬ ጻፍኩለት። አነበበውና ብሎክ አደረገኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜም እዚያው ቦታ እየመዘገበ ነው። ቀብድ ከፍላችሁ ቀሪውን ያልላካችሁ ካላችሁ፣ አትላኩለት።