ደብረ ማርቆስ ታማሚ ይዛችሁ ከመጣችሁ እዚህ ብሉ

ደብረ ማርቆስ ምግብ ቤት አይጠፋም። ክትፎውም ጥብሱም በየመንገዱ አለ። ይህን የምጽፈው ግን ታማሚ ሆስፒታል አስተኝቶ ውጪ ውጪውን ለሚንከራተት ሰው ነው። ከሆስፒታሉ ትንሽ ወረድ ብሎ አንዲት ጠባብ ቤት አለች፤ በሯ ቆርቆሮ ነው፣ ታፔላ የላትም። የባጃጅ ልጆችን "የአስታማሚዎቹ ቤት" ብትሏቸው ያደርሷችኋል።

መጀመሪያ ስለ ምግቡ። ሽሮው በሸክላ እየተንተከተከ ነው የሚመጣው፤ እጃችሁን እንዳታቃጥሉ። እንጀራው ጎጃም ውስጥ ስለሆናችሁ አይወራም። እኔን የያዘኝ ስልጆው ነው። የሱፍ ውሃና የባቄላ ዱቄት አብስለው፣ ሰናፍጭ ጨምረው ያስቦኩታል፣ የመጀመሪያው ጉርሻ ላይ አፍንጫችሁን ሰርስሮ ዓይናችሁን ያስለቅሳል። ሳምንቱን ሙሉ የሆስፒታል ሽታ ሲሸተው ለከረመ ሰው መድኃኒት ነው። ምስር ወጡን ተዉት፣ ጨው ይበዛበታል። ጭሱም ይፈትናል፣ አግዳሚው ጀርባ የለውም፣ መጸዳጃው ጓሮ ነው፣ በክረምት ጭቃውን አቋርጦ መሄድ የራሱ ፈተና ነው። ዋጋው ግን ዋናው መንገድ ላይ ካሉት ሆቴሎች ከግማሽ በታች ነው።

ባለቤትዋን ሁሉም "እትየ" ነው የሚላቸው። እኔ በፍልሰታ፣ እናቴ ተኝታ ሳለች፣ ሌላ አስታማሚ ይዞኝ ሄደ። እትየ ሽሮውን አስቀምጠው "ማን ታሞብህ ነው?" አሉኝ። እናቴ አልኳቸው። "እግዜር ይማርልህ ልጄ። ስመ ክርስትናዋ ማን ነው?" ነገርኳቸው። ግድግዳው ላይ በሚስማር የተንጠለጠለች ደብተር አለች፣ እስክሪብቶው በክር ታስሮባታል፤ እዚያ ላይ ጻፉት። ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ገጹ ሙሉ ስም ነው። መካከል ላይ ፋጡማ የሚል አየሁ። ሙስሊም አስታማሚም እዚያው ነው የሚበላው፣ የሱም እናት እንደ ሁሉም ሰው እናት ተጽፋለች።

ማታ ከመዝጋታቸው በፊት ያንን ደብተር ያነባሉ። የሚበላው እጁን ይሰበስባል። ስሙ ተነቦ ሲያልቅ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል፣ ስብከት የለም፣ መዝሙር የለም፣ አለቀ። ያረፈ ሰው ካለ ስሙ ወደ ኋላ ገጽ ይሄዳል፣ ነፍስ ይማር ይባላል። አንድ ቀን ማታ እንዲህ ስሙ የተዛወረ ሰው ወንድም አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ማንም "አይዞህ፣ ለበጎ ነው" አላለውም። እትየ አጠገቡ ተቀምጠው ጥቂት ጉርሻ አጎረሱት፣ አልቅሶ ሲጨርስ ደግሞ ቡና አስቀረቡለት።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ያስገረመኝ። ያ ሁሉ ጭንቅ ያለበት ሰው መሳቅ ይጀምራል። ከቢቡኝ የመጣ አንድ ገበሬ ነበር፣ ሚስቱ ቀዶ ጥገና ተሠርታ ተኝታለች። በነሐሴ ዝናብ እኛ ጋቢያችን ውስጥ ገብተን ስንንቀጠቀጥ እሱ ኮቱን አውልቆ "ይሄ ማርቆስ የሚሉት በረሃ ገደለኝ!" ይላል። ብርዳሙ የጮቄ ተራራ ሥር ሰው ስለሆነ ነው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፣ ያውም እናቴ ኦክሲጅን ላይ ሆና። ቤተ ክርስቲያን "ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ" ሲነበብ ስሰማ ሆዱ የሞላ ሰው ንግግር ይመስለኝ ነበር። ጳውሎስ ያንን የጻፈው ታስሮ ነው። ትርጓሜውን ለሊቃውንቱ ልተወው፣ ጎጃም ውስጥ ሊቅ ሞልቷል፤ እኔ ግን እዚያ አግዳሚ ላይ ገባኝ።

አንድ ነገር ደግሞ አይሸጡም፤ የታማሚ አጥሚት። ዕቃችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ትሞላላችሁ፣ ብር ስታወጡ ይቆጣሉ። "የታማሚ አጥሚት ይሸጣል እንዴ? ደፋር!" እንዴት አይከስሩም ብዬ ጓዳ የምትሠራዋን ልጅ ጠየቅኋት። ድኖ የወጣ ሰው ይመለሳል አለችኝ። ስለት ነው። አንዱ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ጭኖ ይመጣል፣ አንዱ ድንች፣ አንዱ ለአጥሚቱ የሚሆን አጃ። መንገድ ተዘግቶ ከገጠር ምንም በማይገባበት ሰሞን ግን አጥሚቱ ይቀጥናል እንጂ አይቀርም። ጠዋት ጠዋት "በእንተ ስማ ለማርያም" ብሎ በር ላይ የሚቆም የቆሎ ተማሪም ባዶ እጁን አይመለስም።

እትየን ይህን ሁሉ ለምን እንደሚያደርጉ ብጠይቃቸው ብዙ አልተናገሩም። የመጀመሪያ ልጃቸውን አስታመው አስታመው ሞተባቸው። "ያኔ እህሉን አላጣሁትም፤ ምን ሆንሽ የሚለኝ ነው ያጣሁ" አሉኝና ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ።

አሁን ለሚሄድ ሰው። ክዳን ያለው ዕቃ ወይም ፔርሙዝ ይዛችሁ ሂዱ፣ ቤቱ ውስጥ ትርፍ ዕቃ የለም። በፍልሰታ ቅዳሴው ከሰዓት ስለሚወጣ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ መቀመጫ አይገኝም፣ ለአስታማሚ ግን ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው። አንድ ጎረቤት ቄስ በዚህ አጉረምርመው ነበር አሉ፤ አሁን እሳቸውም የታመመ ሰው ስም እያመጡ ያስጽፋሉ። ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ ዱቤ አለ። እሁድ ቅዳሴ ሳይወጣ አይከፈትም፣ በከንቱ በር አታንኳኩ።